ሳይነሳ የሚሄደው ዳማ

ሞጣ፣ ከእናትህ ጎን ላረፍከው አባዬ፤

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። ለሞተ ሰው እንዴት ነህ አይባልም። ግን ደብዳቤ በሌላ መንገድ መጀመር አላስተማርከኝም፤ እንግዲህ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን፣ ይህ ደህና ከተባለ። ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት አብረውህ የተማሩት መሪጌታ መጥተው ቅኔ ዘረፉልህ፤ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፣ እኔም አብሬ ነቀነቅኩ። ሰሙ የገባኝ መሰለኝ፤ ወርቁን የሚነግረኝ ግን አጣሁ። ያን ጊዜ ነው በጣም የናፈቅከኝ።

የምጽፍልህ ስለ ዳማ ነው። አትቆጣ። ሞተሩን አውጥቼዋለሁ።

ይህን ሌላ ሰው ቢያነበው ዳማ ፈረስ ይመስለዋል። ዳማ ያንተ አሮጌ ፒክአፕ ነው፤ መልኩ የዳማ ፈረስ መልክ ስለሆነ ያወጣህለት ስም። ጠዋት ቁልፉን ስታዞረው እንደ አኮረፈ በሬ አጓርቶ፣ ሳል ሳል ብሎት፣ በስንት ልመና ይነሳ ነበር። እማዬ ከቤት ውስጥ ሆና «ተነሳ?» ትላለች። አንተም «ተነሳ!» ትላታለህ። ዓይኗ ከጠፋ ጀምሮ ይህች ጥያቄና መልስ አንድ ቀን እንኳ ቀርታ አታውቅም። ቅኔ ቤት ጥለህ ሾፌር የሆንክ ሰው ነህና ቃሏን ዝም ብለህ አታልፋትም ነበር፤ ሙታንን የሚያስነሳ አንድዬ ነው፣ ዳማን የማስነሳው ግን እኔ ነኝ ትላለህ። እማዬም እንዲህ ያለ ቀልድ ይቅርብህ እያለች ታማትባለች።

የሞትክ ቀን አብሬህ አልነበርኩም። የነበሩት ነግረውኛል። ሞጣ ገበያ ዳር ጤፉን አራግፈህ፣ ወደ ቢቸና ልትመለስ ዳማን አስነስተህ፣ ግንባርህን መሪው ላይ አሳረፍክ። የደከመህ መስሏቸው ጠበቁህ። ተሸክመው ሲያወርዱህም ሞተሩ ይሠራ ነበር፤ ቁልፉን አዙሮ ለማጥፋት የደፈረ ሰው አልተገኘም። አንተን ይዘውህ ሄዱ፣ ዳማ ባዶውን እያጓራ ገበያው ዳር ቀረ፣ ቤንዚኑ ሲያልቅ በራሱ ጊዜ ዝም አለ። እማዬ ይህን ስትሰማ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን አጠፋው? ማንም አላጠፋውም አልናት። «እንግዲያማ አልጠፋም» አለች። እኔ ስለ መኪናው የምታወራ መስሎኝ ነበር።

ዳማን አስጎትተን አምጥተን ግቢ አቆምነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንተ ትገባበት በነበረው ሰዓት፣ እማዬ ጆሮዋን ቀና ታደርግና «መጣ» ብላ በር ልትከፍት ትነሳለች። ዳማ እኮ እዚያው ከኋላዋ ቆሟል። ሁለት ጊዜ ክላክስ ማድረግህን ጭምር ሰማሁ ትላለች። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ኋላ ተቆጣሁ፣ በመጨረሻ ለመድኩት። በሩን ትከፍታለች፣ ትንሽ ትቆማለች፣ ትዘጋለች፣ ትገባለች።

ሞተሩን ያወጣሁት ክፉ ሆኜ አይደለም። እማዬ በየወሩ መቃብሩን ልሳለም አለች። በአውቶቡስ እንውሰድሽ ብንላት እምቢ አለች፤ እሱ በወሰደኝ ነው የምሄደው፣ ሌላ ነገር አልሳፈርም አለች። የእማዬን እምቢታ ታውቀዋለህ፣ ሠላሳ ዓመት የኖርክበት ነው። ቤንዚን ደግሞ እንደ ጠበል በጠርሙስ የሚገኝ ነገር ሆኗል፤ ሲገኝም ከምን ጋር እንደተቀላቀለ አይታወቅም። ያለኝ ሙያ አንድ ነው። በአምስት ዓመቴ ሶኬት ውስጥ ምስማር ከትቼ ስወረወር ብልጭታ ያልከኝ ሴት ልጅህ ዛሬ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና የወጣ ባትሪና በባትሪው የሚዞር ዲናሞ አዲስ አበባ አስፈልጌ አስመጣሁና ዳማን እዚያው ግቢ ውስጥ ልለውጠው ተነሳሁ።

ጎረቤታችን በያጁ አያ ደምሌ አገዙኝ። በሦስት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሰንሰለት አንጠልጥለን፣ ኮፈኑን አንስተን፣ ሞተሩን ስበን አወጣነው፤ አውጥተንም በላስቲክ ከፈንነው። ይቺን ኮፈንና ከፈን ላንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት። እማዬ መጥታ በላስቲኩ ላይ ዳሰሰችው፤ አላለቀሰችም። ለቁራሌ ልስጠው ስላት ግን ፊቷ ተለወጠና ከግንቡ ጥግ፣ በሩ አጠገብ አስቀምጡት አለች። ከዚያ የቤንዚኑን ሰልባትዮና የጭሱን ማርሚታ ፈታን። የማርሹን ካምቢዮ አልነካነውም፤ አያ ደምሌ ዲናሞውን ከሱ ጋር የሚያያይዝ ወፍራም ብረት ቆርጠው ሠሩልኝ። ፍሬንህን የሚያለሰልሰው ሞተሩ የሚስበው አየር ስለነበር ለሱም ትንሽ ፓምፕ ጨመርኩለት። ሞተሩ ሲሠራው ለነበረ ሥራ ሁሉ ምትክ አግኝቼለታለሁ ብዬ ተኮፈስኩ። አያ ደምሌ ግን እንደ ስልክ የሚሞላ መኪና አልሳፈርም ብለው ሳቁብኝ።

የመጀመሪያው ቀን ቁልፉን አዞርኩ። ምንም አልተሰማም። ነዳጅ መስጫውን ስረግጠው ዳማ እንደ ጥላ ተንቀሳቀሰ። እማዬ ከቤት ሆና «ተነሳ?» አለች። እየሄደ ነው አልኳት። ሳይነሳ? አለችኝ።

ቢቸናን ዞርኩበት። ሰው ዳማ ከኋላው ሲመጣ አይሰማም፤ ዞር ሲል ፊቱ ላይ ያገኘዋል። ያንተን መኪና የሚያውቁ አንዲት እናት አይተውኝ አማተቡና ከመንገድ ወጡ። ወደ ደብረ ወርቅ ስወጣ ደግሞ ሞተሩ ሸፍኖት የኖረው ድምፅ ሁሉ ይሰማኝ ጀመር፤ የወንበሩ ሲጥሲጥታ፣ የበሩ ንፋስ። ዳገቱ ሥር ስደርስ የማርሹ ዘንግ ሦስት ጊዜ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ዳገት ላይ ማርሽ ከመቀነስህ በፊት በቀለበትህ እንዲህ ትመታው ነበር። ቀለበትህ እማዬ ጣት ላይ ነው፣ እማዬ ደግሞ ቤት ናት። የካምቢዮው ኩሽኔታ አልቆ ነው ብዬ ተመለስኩ፣ ኩሽኔታውንም ቀየርኩት። ኳኳታው አልቀረም። የሚያስቀው፣ የሚመጣው ዳገት ላይ ብቻ ነው።

አሁን የምነግርህን ለማንም በሙሉ አልነገርኩም።

እማዬን ይዣት ሞጣ ልንሄድ የተዘጋጀንበት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ግቢያችን ወደ በሩ እንደሚያዘቀዝቅ ታውቃለህ። ዳማን ከላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጌ አቆምኩት። እንዳስተማርከኝ አንድ ማርሽ አስገብቼ ተውኩት። በእጅ ፍሬን የታመነ መኪናውን ገደል ውስጥ ይፈልገዋል ትል አልነበር? የእጅ ፍሬኑን ሳልስብ፣ ድንጋይም ሳላደርግ፣ የውሃ ጀሪካን ላመጣ ገባሁ።

ስወጣ ዳማ ይሄዳል። እማዬ ዘንጓን ይዛ፣ ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ፣ በሩ መሃል ቆማለች። ጎማው አፈሩን ሲጫን እንኳ ድምፅ የለውም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። እውነት እልሃለሁ፣ ያቺን ሰዓት እናቴንም ቀበርኳት።

እማዬ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደች። ሳትቸኩል፣ ሳትደነግጥ፣ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍታ አንተን ለማሳለፍ ታደርግ እንደነበረው ጀርባዋን ግንቡ ላይ አስጠግታ ቆመች። ዳማ የነጠላዋን ጫፍ ታክኮ አልፎ የበሩን ቋሚ ገጨና ቆመ። ሮጬ ስደርስ እጇን ወደ መኪናው ዘርግታ ነበር፤ እንዴት አወቅሽ አልኳት።

«ሲነሳ ሰማሁት እኮ ልጄ» አለች። «ሁለቴም ክላክስ አደረገልኝ።»

ክላክሱን ገና አላገናኘሁትም ነበር፣ አባዬ። ሽቦው መሪው ሥር በቴፕ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል።

ወደ ግንቡ ጥግ ሄድኩ። ላስቲኩን ገልጬ መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ትኩስ ሆኖ ባገኘው ፀሐይ ነው እል ነበር፣ ምክንያት አላጣም ነበር። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ይበልጥ የፈራሁት ያኔ ነው።

አያ ደምሌ ግጭቱን ሰምተው መጡ። ማርሽ አስገብቼው ነበር እኮ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይይዘው የነበረው ሞተሩ ነው» አሉኝ። «እሱን አውጥተሽ ማን እንዲይዘው ነው?»

ይህን እኔ ተማሪዎቼን የማስተምረው ነገር ነው። የቤንዚን ሞተር ጠፍቶ እንኳ መኪናውን ይዞ ያቆማል፤ ጎማው ልዙር ሲል እምቢ ይላል። ዲናሞ ግን ኃይል ሲያጣ ከጎማው ጋር ዝም ብሎ ይዞራል። አውቀዋለሁ፤ እጄ ግን ያንተ እጅ ነውና አንተ እንዳሳየኸው አደረገ። ለሁሉም ምትክ አግኝቻለሁ ብዬ የተኮፈስኩት ሴትዮ፣ ዝም ብሎ መያዝን ከሥራ አልቆጠርኩትም ነበር። አንተንም እንዲሁ ነበር የማየው፤ ጠዋት የሚወጣ፣ ማታ የሚገባ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ይቅር በለኝ።

እማዬ ጉዞው አይቀርም አለች። ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በራ። ግቢው ጭጭ ብሏል።

«ተነሳ?» አለች።

በዚህ ጊዜስ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። ተነሳ አልኳት።

«አንቺን አይደለም የጠየቅኩት» አለችኝ።

ፊቷን ወደ ግንቡ ጥግ፣ ወደ ላስቲኩ መልሳ ጠበቀች። እኔም አብሬ ጠበቅኩ። ምንም አልሰማሁም አባዬ፤ ሰማሁ ብዬ አልዋሽህም። እሷ ግን ቆይታ ፈገግ አለች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ በይ እንሂድ አለች። ግንደወይንን አልፈን ሞጣ እስክንገባ ዳገቱ ሁሉ ላይ የማርሹ ዘንግ ሦስት ሦስቴ ኳ አለ። እማዬ ጭንቅላቷን እያወዛወዘች ነበር የምትሰማው። መቃብርህ ላይ ስንደርስ ለቅሶ አላወጣችም፤ ስትሳለም መንገዱን ደህና ነዳኸን ብላ አመሰገነችህ።

እንግዲህ ሰማኸኝ። አልረሳህም ብዬ ቃል መግባት ቀላል ነው፤ ሁሉም ይላል። እኔ የምገባልህ ቃል ይህ ነው። ማታ ማታ ከዳማ ጎማ ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ፣ የእጅ ፍሬኑንም እስባለሁ። ሞተርህን ቁራሌ አይወስደውም። እማዬ ተነሳ ብላ ስትጠይቅ አፌን ዘግቼ መልስህን እጠብቃለሁ፤ እሷ በይ እስክትለኝ ፍሬን አልለቅም። የክላክሱን ሽቦ አገናኚው እያሉ አያ ደምሌ በየቀኑ ይቆጡኛል፣ እውነታቸውን ነው። እስከ ዛሬ አላገናኘሁትም። እሱን ላንተ ትቼዋለሁ።

ልጅህ ብልጭታ፣
ከቢቸና