አባዬ ያላንኳኳው ወረቀት

የለም እታለም፣ አባዬ እንደነገረሽ አይደለም፤ እንግዳውን አልሰደብኩትም፣ ጠየቅኩት እንጂ። ንዴቴ ቀድሞኝ ጤንነትሽን ሳልጠይቅ ጀመርኩ፤ እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ አናጢነቱም ከትምህርት ቤት ይልቅ ተስማምቶኛል።

አባዬን ታውቂው የለ፣ ጣውላ እንኳ ሳያንኳኳና ሳያሸት አይገዛም። ያ ሱፍ ለባሽ መጥቶ፣ «ትልልቅ ባንኮች በምስጢር የሚገበያዩበት የዋስትና ሰነድ ነው፤ በወሩ እጥፍ ይሆናል፣ ኪሳራ የለውም» ሲለው ግን አፉን ከፍቶ ሰማው።

«እንግዲያው ባንክ ሄደን እንጠይቃ» አልኩ።

«ምስጢር ስለሆነ ባንኩ አላውቅም ይላችኋል» አለ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ባንኩ የማያውቀውን የባንክ ወረቀት እርስዎ ከየት አመጡት?» ስለው እማዬን ሳቋ አመለጣት። አባዬ ግን፣ «ትምህርቷን ጥላ የወጣች ልጅ ስለ ባንክ ምን ታውቃለች!» ብሎ አስወጣኝ።

ሌላ ወሬ ብትፈልጊ፣ የመላጊያ ማሽናችንን ወልውዬ አሳምሬዋለሁ። ለእንግዳው የሚሰጠው ብር እንዲሞላ አባዬ ሸጦታል፤ ገዢው ሲመሽ ሊወስደው ይመጣል። የወርክሾፑ ቁልፍ ግን ጠፍቷል። አባዬ ላብ በላብ ሆኖ ይፈልጋል፣ እኔም አብሬው እፈልጋለሁ፤ ኪሴን ብቻ ገና አላየሁም።

አንቺን ይሰማሻል። ሰላም ዋዪልኝ፣ ደግሞ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ደውዪ። ሳይመሽ።