ያለ ክር ተሸጠው እስካሁን ስላልተገኙ ሁለት የፀረ አረም ጠርሙሶች

ለወረዳው የሰብል መድኃኒት ሽያጭ ቁጥጥር ኃላፊ
መርሳ
ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በነገው የግራና ገበያ ማስጠንቀቂያ እንዲነገርና የመርዝ ጠርሙስ በእጅ ተዳስሶ እንዲለይ ስለመጠየቅ

እኔ ወንዳወቅ ንጉሴ በመርሳ ከተማ የሰብል መድኃኒት ስሸጥ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ወደ ክቡርነትዎ የመጣሁት የሰው ሕይወት ስላሰጋኝ ነው።

1. ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፀረ አረሙ የሚመጣበት የአንድ ሊትር ጠርሙስ ከምግብ ዘይት ጠርሙስ ጋር በቅርጽም በክዳንም አንድ ነው። የሚለየው በወረቀቱ ብቻ ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ አያነቡም፤ ዐይናቸው የደከመም አሉ። ስለዚህ በየጠርሙሱ አንገት ላይ ሲባጎ እያሰርሁ እሸጥ ነበር። «ክር ያለው ይገድላል፤ ክር የሌለው አይገድልም» ብዬ ያስተማርሁት እኔው ነኝ።

2. ሐምሌ 3 ቀን የመጡት ተቆጣጣሪ በፋብሪካ እሽግ ላይ ምንም ማሰር እንደማይፈቀድና ፈቃዴ ሊታገድ እንደሚችል ነገሩኝ። ደንቡ ይኸው ነው፤ አልከራከርም። ሲባጎውን ሁሉ በዚያው ሰዓት በምላጭ ቆርጬ ጣልሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፦ ክሩን ሳነሳ ለሰዉ አልተናገርሁም።

3. ሐምሌ 13 ቀን ጎረቤቴ ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ዐይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ልጃቸው ደሞዜ ከእኔ ገዝቶ ጓዳ ያስቀመጠውን ጠርሙስ አንስተው አንገቱን ዳበሱ። ክር የለም። ሽንኩርቱ ላይ ጨመሩት። ሽታው ባይቀድማቸው ኖሮ ቤተሰቡ ሁሉ ይበላው ነበር። ሮጬ ስደርስ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «ወንዳወቅ፣ ክር የሌለው አይገድልም ያልከኝ አንተ አይደለህም? ወይስ ዕድሜዬ በዛብህ?» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ጠርሙሱን ዘግቼ ይዤው ወጣሁ።

4. የዕለት ማስታወሻ እይዛለሁ። በእነዚያ ቀናት ያለ ክር የሸጥሁት አሥራ ሰባት ጠርሙስ ነው። በባጃጅ እስከ ውርጌሳ ዞሬ አሥራ አምስቱን አገኘሁ፤ ትእዛዝ መተላለፌን እያወቅሁ መልሼ አሰርሁባቸው። ስለቀሩት የሐምሌ 7 ገጽ «አዛውንት፣ ከግራና፣ ሁለት» ይላል። ስማቸውን አልጠየቅሁም። ግራና ሁለት ጊዜ ሄጄ የሚያውቃቸው አጣሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ማስታወሻዬ ላይ ያልጻፍሁት ነው። አዛውንቱ ወረቀቱን አላዩትም። የሁለቱንም አንገት በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ ክሩ የት ሄደ ሳይሉ ከረጢታቸው ውስጥ ከተቷቸው። በቤታቸው ከዘይቱ ጎን ያኖሯቸው እንደሆነ፣ ማንስ እንደሚያበስልላቸው አላውቅም።

ስለዚህ፦

ሀ. ነገ በግራና ገበያ በድምፅ ማጉያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድም እንዲነገር፤

ለ. ሌላ መላ እስኪገኝ ክር እንድናስር በጽሑፍ እንዲፈቀድልን፤

ሐ. ዐይን ለሌለውም ፊደል ላልቆጠረም እጅ የሚለየው፣ ጎኑ ማዕዘን ያለው ወይም አንገቱ ላይ ጉጥ ያለው ጠርሙስ እንዲሠራ ለአምራቹ እንዲጻፍልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

የሚገባኝን ቅጣት በኋላ ቀርቤ እቀበላለሁ። ነገ ጠዋት ግን ከእኔ ጋር የሚሄድ አንድ የመንግሥት ሰው ይስጡኝ። ብቻዬን ብጮህ ገበያተኛው ዕቃ የማስተዋውቅ መስሎት ያልፈኛል።

መልስዎን በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ወንዳወቅ ንጉሴ
(ፊርማ)