የጴጥሮስ ሁለተኛ ዓይን

ይልማ፣

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ለንስሐ አባቴም፣ ለልጃችን ለሜሮንም አልተናገርኩትም። እዚህ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን በተሰቀለው ሥዕልህ ላይ ለቅዱስ ጴጥሮስ ሁለተኛ ዓይን የሣልኩለት እኔ ነኝ። ሠዓሊው ወዳጅህ መርዕድ አይደለም። እስክትሞት ድረስ መርዕድ ነው ስትል ኖርክ፤ እኔም አጠገብህ ተቀምጬ ሻይህን እያማሰልኩ ዝም አልኩ።

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ሜሮን ሎረል ቤት ገዝታለች። “ማሚ፣ ጀስት ሙቭ ኢን፤ እኔ ጋ ግቢ” ትለኛለች በየሳምንቱ። እኔ ግን ያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያው አፓርታማችን ውስጥ ነኝ። የዘይት ቀለምህ ሽታ ከሳሎኑ ምንጣፍ አልወጣም። ማናጀሩ እንቀይርልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ፍቅር እንዳይመስልህ፤ ሌላ ሽታ መልመድ ስለታከተኝ ነው። የሥዕል መጻሕፍትህን ግን አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ። አንተ ሥዕሉን ብቻ ነበር የምታየው። ጽሑፉን እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ እየቆፈርኩ ጨረስኩት።

ከቅዳሴ በኋላ በሜትሮ ባቡር ዳውንታውን ሙዚየም ይዘኸኝ የምትሄድበትን ዘመን አስባለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ውዬ ወገቤ እየተቆረጠ፣ ሊዮናርዶ የሣላት ኩርፍ ያለች ልጅ ፊት ታቆመኛለህ። ከኋላዋ ጥድ አለ። “ጉንጯ የቱ ጋ አልቆ ጥላው የቱ ጋ እንደጀመረ አሳዪኝ” ትለኛለህ። ማሳየት አልችልም፤ መስመር የለውም። ቀለሙ ሳይደርቅ በጣቱ እያሻሸ ነው ያዋሃደው፣ አሻራው እስከ ዛሬ እላዩ ላይ አለ አልከኝ። ከመስታወቱ ወዲህ ቆመህ “ይታየኛል” ትል ነበር። ዓይንህ እንባ ያቀርር ነበር።

ጎጃም ከመምህርህ የተማርከው ሌላ ነበር። ፊት ሁሉ በጥቁር መስመር ይከበባል፤ ጻድቅ ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ይሁዳና ሰይጣን ብቻ በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሣላሉ። አንተ ግን ከመጻሕፍቱ ጋር ከሰነበትክ በኋላ ሌላ ሰው ሆንክ። ጣሊያናዊው ብሩኔሌስኪ ጣውላ ላይ አንድ ሕንጻ ሥሎ፣ ሰው በቀዳዳ እያየ ሥዕሉን በመስታወት ከእውነተኛው ሕንጻ ጋር እንዲያስተያይ ማድረጉን፣ ከዚያ ወዲህ ርቀት በመስመር የሚለካ ነገር መሆኑን እራት ላይ በሹካ ታስረዳኝ ነበር። ማሳቾ የሚባለው ሠዓሊም ብርሃኑን ካንድ ወገን ብቻ አምጥቶ ሰዎቹን ጥላ ሰጣቸው። “ጥላ የሌለው ሰው መሬት አይረግጥም” ትለኝ ነበር። ይህን አባባልህን እወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ።

ጌታ የሐዋርያቱን እግር ሲያጥብ የሚያሳየውን ኅጽበተ እግሩን ለአሌክሳንድሪያ ቤተ ክርስቲያን ስትሥል የተማርከውን ሁሉ አፈሰስክበት። የወለሉ መስመሮች እየጠበቡ ወደ ኋላ ሄደው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። መብራቱ ከግራ ይመጣል። ጴጥሮስ እግሩን ለጌታ ሰጥቶ ጎንበስ ብሏል፤ ጎንበስ ያለውም በጎን ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሲያዩት መነጽራቸውን አወለቁ። “ጴጥሮስ ምን በደለ? እሱን ባለ አንድ ዓይን ካደረግከው ይሁዳን ምን ልታደርገው ነው?” አሉህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተም “ሌላው ዓይኑ ካፍንጫው ማዶ ነው፤ ዞረው ይዩት” አልካቸው። ያን ጊዜ አንተም ትስቅ ነበር።

ከዚያ ልብህ ታመመና ሆስፒታል ገባህ። ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሲል ሊቀ መንበሩ ደወሉልኝ። ለጸሎተ ሐሙስ ካልተስተካከለ ሥዕሉ ወደ ቤት ይመለሳል፣ በቦታው ከሱቅ የመጣ የታተመ ሥዕል ይሰቀላል አሉኝ። በትሕትና ነው ያሉኝ፤ እግዚአብሔር ይማርልሽ ብለውኛል። ብነግርህ ትሞትብኛለህ ብዬ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። የጴጥሮስ አንድ ዓይን እኔንም ይረብሸኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ባለ አንድ ዓይኖቹን ላለማየት ፊቴን በእናቴ ነጠላ እሸፍን ነበር። ደግሞም ያን ሁሉ ዓመት ቀለምህን በጥብጬ፣ የልብሱን ዘርፍና የአክሊሉን ወርቅ ሞልቼ፣ አንድ ቀን እንኳ ፊት እንድሥል አልፈቀድክልኝም። እጄ ፊት ለመሣል ጓጉቶ ነበር። ይኸው ተናገርኩት።

ቤተ ክርስቲያኑን የማጽዳት ተራዬ ነበር። ሥዕሉ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መርዕድም እዚያው መላእክት እየሣለ ነበርና ለምሳ ወጥቷል። ያንተ ዘይት ቀለም ለበዓሉ ስለማይደርቅ፣ ከመርዕድ ቀለሞች ቶሎ የሚደርቀውን አክሪሊክ ወሰድኩ። ካፍንጫው ማዶ ትንሽ ነጭ፣ ትንሽ ጥቁር አኖርኩ። ጥሩ ዓይን አልነበረም። ፊቱ ወደ ጌታ ሄዶ ዓይኑ ወደ እኛ ቀረ። ምእመናኑ ግን ደስ አላቸው፤ ሥዕሉም ተሰቀለ።

ከሆስፒታል ወጥተህ ስታየው ተጠግተህ በጥፍርህ ጫር አደረግከው። “አክሪሊክ ነው” አልክ። እዚያ በአክሪሊክ የሚሥለው መርዕድ ብቻ ነበርና አበቃ። መርዕድ በመስቀል ምሎ ካደ፤ ሰላምታውን እንኳ አልመለስክለትም። ከዚያ በኋላ ብሩሽ አልያዝክም። ሰውም ስም አወጣለት፤ ዓይን ሐኪሙ። ግቢ ሲገባ “ዶክተር፣ እስቲ መነጽሬን እይልኝ” ይሉታል። ይስቃል። ሥዕል የሚያሠራው ሰው ግን ቀረ። በቀብርህ ቀን ከሁሉ ኋላ ቆሞ ያለቅስ ነበር፤ ማንም ቦታ አልለቀቀለትም።

በመጽሐፍህ ውስጥ ማይክል አንጄሎ ሮም ላይ ስለሣለው ትልቅ ግድግዳ አነበብኩ። ራቁታቸውን የሣላቸውን ቅዱሳን ካህናቱ ሳይወዱለት ቀሩ። ጨርቅ እንዲያለብሳቸው የታዘዘው ወዳጁ የነበረ ሠዓሊ ነው። ያ ሰው የራሱ ጥሩ ጥሩ ሥራ እያለው “ሱሪ ሠሪው” እየተባለ ቀረ። መጽሐፉን ዘጋሁት። እሱ እንኳ ያደረገውን ነው የተባለው።

አንተ ላይ የቀረኝ ቂም ግን ይህ ነው። የሊዮናርዶን ጣት በመስታወት ውስጥ አየሁ የምትል ሰው፣ አጠገብህ የምትተኛውን ሴት እጅ አላወቅክም። የዓይኑን ነጭ የበጠበጥኩት አንተ እንዳስተማርከኝ፣ ጥቂት ሰማያዊ ጠብ አድርጌበት ነበር። የቀለሙን ዓይነት አየህ፤ እጁን አላየህም። ለመጠርጠር እንኳ አልበቃሁም። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር እላለሁ። እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ባለፈው ሳምንት ከሎረል ተደወለልኝ። እዚያ ያሉት ምእመናን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ገዝተው ሠዓሊ ይፈልጋሉ፤ መርዕድ ሥራውን ጠይቋል። የደወለችው ወጣት ናት። “እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ የባለቤትዎን ሥዕል ዳሜጅ አድርጓል፣ አበላሽቷል የሚሉት እውነት ነው?” አለችኝ። “አላውቅም ልጄ” አልኳት። “እሺ፣ እርስዎ ካላወቁማ ሌላ ሰው ብናይ ይሻላል” ብላ ዘጋችው። እስከዚያ ቀን ዝምታዬን ባንተ አሳብቤ ነበር፤ ልብህን ፈርቼ ነው እል ነበር። አሁን የሚታመም ልብ የለም። እንዲያም ሆኖ ዋሸሁ።

የሚወስኑት እሁድ ነው። ነገ ለልጅቷ መልሼ እደውላለሁ። ቅዳሜ ሜሮን አሌክሳንድሪያ ትወስደኛለች፤ ለምን እንደሆነ ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ እነግራታለሁ። አንተን ያዋረድኩ ይመስላት ይሆናል። ይምሰላት።

አስታውስሃለሁ ይልማ። በተዝካርህ ቀን እንዳወሩልህ አይደለም። እራት ላይ በሹካ ሩቁን ቅርብ አድርገህ ስታሳየኝ አስታውስሃለሁ፤ ወዳጅህ በመስቀል ሲምልልህ ፊትህን ስታዞርበትም አስታውስሃለሁ። አንዱን ለማቆየት ብዬ ሌላውን አልጥልም።

ከታች ስሜን ከነአባቴ ጽፌበታለሁ፣ ለፈለገው ሰው እንዲያሳየው። ደብዳቤው ያንተ ነው። የሚቀበለው መርዕድ ነው።