የፕላስቲክ ማገናኛዎቹና ያልተሸጠው ሞተርህ

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? ያ ሲነሳብህ እንቅልፍ የሚነሳህ ጨጓራህ አደብ ገዛ ወይስ አሁንም ያምጽብሃል? አብሮህ የሚኖረው ዳቦ ጋጋሪስ ማንኮራፋቱን ቀነሰልህ? ለእሱም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በዓይኔ ባላየውም አንተ ስለ እሱ ከምታወራው የተነሳ አብሮ አደጌ እየመሰለኝ መጥቷል። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ሲበርዳት ከሚነጫነጭባት ጉልበቷ በቀር ደህና ናት። አባባም ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚፈታው ቡሎን እያጣ ከመቸገሩ በቀር ደህና ነው። ታናሻችን ቁመቷ እኔን አልፏል፤ ምላሷ ደግሞ ከቁመቷ ቀድሟል። የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

ወንድሜ፣ ይህን የምጽፍልህ በደስታ እየቸኮልኩ ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በለኝ። ልደውልልህ ነበር። ግን አንተ ስልክ ላይ "እሺ፣ በቃ፣ ቻው" ለማለት ትቸኩላለህ፤ ይህ ወሬ ደግሞ ከነዝርዝሩ ካልተሰማ አይጥምም። በመጀመሪያ ግን እንዳትቆጣ ቁርጡን ልንገርህ፤ ሞተርህ አልተሸጠም።

"ለቆራሌው ስጡት፣ ይሄ ቤንዚን የሚያፈስ ሞተር አንድ ቀን እህቴን ያቃጥልብኛል" ያልከውን አልረሳሁም። ቆራሌውም በቃልህ መሠረት ጋሪውን እየገፋ መጥቶ ነበር። ዙሪያውን ዞሮ አየው፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገው፣ ከዚያ አፍንጫውን ይዞ "ይሄማ ሬሳ ነው" አለ። በዚያው ዕለት ጠዋት ደግሞ ሌላ ነገር ተከስቶ ነበር። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ለቅጥር ከፈተናቸው ሰዎች መካከል እኔን መርጦ ጠርቶኝ ነበር።

ሥራው በከተማው ዳር ባሉት ሠፈሮች እየዞሩ የተሰበረና የሚያንጠባጥብ የውሃ መስመር መፈለግ፣ ቀላሉን እዚያው መጠገን፣ ከባዱን ሪፖርት ማድረግ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አባባ የሰው ቧንቧ ሲሠራ ኋላ ኋላው እየሄድኩ መፍቻ ሳቀብል ስላደግሁ ፈተናው ለእኔ ጨዋታ ነበር። ግን አንድ ነገር ጠየቁ። ሠራተኛው የራሱ ሞተር ይኑረው፤ ሞተሩንም የጋራዡ ኃላፊ አይቶ ይለፈው። ሰኞ ጠዋት ይዤ ካልቀረብኩ ቦታው ከእኔ ቀጥሎ ላለፈው ሰው ይሰጣል። ትምህርቴን ከጨረስኩ ጀምሮ ስንት በር እንዳንኳኳሁ አንተ ታውቃለህ። ይህ ከእጄ ቢወጣ ከዚያ በኋላ ማንኳኳት የምችል አይመስለኝም ነበር። የሰውን ፍሳሽ ልፈልግ የተቀጠርኩ ሰው የራሴን ፍሳሽ ተቀምጬበት ስሄድ አስበው እስቲ። ታናሻችን ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች።

ስለዚህ ቆራሌውን መለስኩት። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ "ወይ ይሸጥ፣ ወይ ይዳን፤ እንደ በሽተኛ ዘመድ ኮሪደሬ ላይ አይተኛብኝ" አለች። እኔም ይድናል አልኳት። ከየት ያመጣሁት ድፍረት እንደሆነ እንጃ።

መቼም ሞተርህን ታውቀዋለህ። ከሰልባትዮው፣ ከቤንዚን መያዣው፣ ሥር ሁለት የላስቲክ ቱቦዎች አሉ፤ በአንደኛው ቤንዚን ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ በሁለተኛው የተረፈው ይመለሳል። ሁለቱም ከሰልባትዮው ጋር የሚገናኙት አውራ ጣት በምታህል የፕላስቲክ ማገናኛ ነው። ፕላስቲኩ ከሙቀቱና ከዕድሜው ብዛት ተሰነጣጥቋል። አንደኛው ላይ አንተ የጠመጠምክበትን ሽቦ አየሁት፤ ሽቦው አንጀት ላይ እንደታሰረ መቀነት ነው፣ ለማስታገስ እንጂ ለመፈወስ አይሆንም። በእሱ ላይ አባባ ሱፐር ግሉ ጨምሮበታል፣ በሱፐር ግሉው ላይ ደግሞ ቁራጭ የጎማ ከመነዳሪ አስሮበታል። ቤንዚኑ ግን የሁላችሁንም ጥበብ እያለፈ ይንጠባጠባል።

የመለዋወጫ ሱቋን ሴትዮ፣ ያቺን ድምፀ ወፍራሟን፣ ታስታውሳታለህ? የተሰነጠቀውን ፎቶ አንስቼ ባሳያት ሳቀችብኝ። "ይሄማ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የተረገመ ዕቃ ነው፤ ወንዴውንም ሴቴውንም አውጪና በነሐስ ቀይሪው፤ ግማሹን ቀይሮ ግማሹን መተው የተቀደደን ሱሪ በአንድ እግሩ ብቻ መስፋት ነው" አለችኝ። የነሐስ ማገናኛዎችና ጥርሳቸው ላይ የሚቀባ፣ ቤንዚን የማይበላው ማጣበቂያ በትንሽ ቱቦ ሰጠችኝ። በስሱ መቀባት፣ አጥብቆ አለመጠምዘዝ፣ ሌላ ምንም ነገር አለመጠቀም። ይህን ሦስቴ አስደገመችኝ። እኔም ቤት ገብቼ ለአባባ ነገርኩት። አባባም "እሺ፣ እሺ" አለኝ። የአባባን "እሺ" አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን በደስታዬ ብዛት ረስቼው ነበር። ገንዘቡን ከየት አገኘሽ ካልከኝ ደግሞ የከፈለችው እማዬ ናት። ምንም አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ወደ ግቢ አወጣነው። እማዬ ክብሪት የሚባል ሁሉ ሰብስባ ጉያዋ ከተተችና ዛሬ ትኩስ ነገር የሚባል የለም ብላ አወጀች። የማገናኛውን መቆለፊያ ጫን አድርጎ መሳብ ነው የሚባለው። ጫን አድርጌ ሳብኩት፤ እጄ ላይ እንደ ደረቅ ብስኩት ፍርክስ አለ። ሁለተኛውን ገና ከመንካቴ አንገቱ ተቆረጠ። ቤንዚን ተሸክመው ከጋለ ማሽን በላይ ሲሄዱ የኖሩት እነዚህ ናቸው። ስባሪውን መዳፌ ላይ ይዤ ሳየው ፍርሃትህ ገባኝ፣ ለካ ስትቆጣኝ የነበረው ስለምትወደኝ ነው።

የአንደኛው ስባሪ ግን ከነጥርሱ ሰልባትዮው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። እኔ በካቻቢቴ ልጎረጉረው ስል አባባ እጄን ያዘኝ። ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር የአሮጌ ሞረድ ጭራ አወጣ፣ ስባሪው ውስጥ በቀስታ መታ መታ አድርጎ አስገባው፣ ከዚያ ትንፋሹን ውጦ አዞረው። ስባሪው እየተንቋቋ ወጣ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። የበፊቱ አባባ ግቢያችን ውስጥ ተመልሶ መጣ፣ እኔም መፍቻ አቀባይ ሆንኩለት፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እጄን ልታጠብ ገባሁ። እስክመለስ ድረስ አባባ ነሐሶቹን በቦታቸው አስገብቶ፣ አጥብቆ፣ ቱቦዎቹን አስሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቀኝ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ጠብታ የለም፣ ሽታ የለም። አስነሳሁት፣ ወዲያው ተነሳ። ታናሻችን አጨበጨበች። ዘልዬ ወጣሁና በሩን አልፌ እስከ ማዞሪያው ድረስ ነዳሁት። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ሥራውን የያዝኩት መሰለኝ። መመለሻው ላይ ሞተሩ ሳል ያዘው። አንዴ፣ ሁለቴ አንገራገረና ቀጥ አለ። እየገፋሁት ተመለስኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያልሞከርነው የለም። ካንዴላውን አወጣን፣ ባትሪውን አየን። አባባ "ቤንዚኑን የሚገፋው ፓምፕ ሞቷል" አለ፤ ፓምፕ ከሞተ ደግሞ ለሰኞ የሚደርስ ነገር የለም። እማዬ የመቀመጫ ዱካ አመጣችልኝ። እኔም ተቀምጬ አለቀስኩ። ሆዴን ያባባው ሞተሩ አይደለም፤ እንደገና የሰው በር ልቆም መሆኑ ነው።

አልቅሼ ሲወጣልኝ አንድ ነገር አሰብኩ። አባባ ውሃ አልመጣም ሲባል መጀመሪያ የሚያደርገው መስመሩን ፈትቶ ምን እንደሚወጣ ማየት አይደል? ቱቦውን ከማሽኑ በኩል ፈታሁና ጫፉን ባዶ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ከትቼ ፓምፑን አስነሳሁት። ቤንዚኑ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ፓምፑ አልሞተም። ማሰሮውን ወደ ብርሃን ባነሳው ግን ውስጡ ነጫጭ ክሮች ይዋኛሉ።

አባባ ማሰሮውን ከእጄ ወሰደ። አገላብጦ አየው። ከዚያ ኪሱ ውስጥ እጁን ሰደደና ያንን የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፕ፣ ዕድሜውን ሙሉ በየመጋጠሚያው የጠቀለለውን፣ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ለካ እኔ እጄን ስታጠብ "ቧንቧ ቧንቧ ነው" ብሎ የነሐሶቹን ጥርስ በቴፕ ጥቅልል አድርጎታል፣ ያውም እንደ ልማዱ ደራርቦ። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ማለት ይሄ ነው። ትርፉ ተቀራርፎ ከቤንዚኑ ጋር ሄዶ የማሽኑን ጉሮሮ አንቆታል። የሴትዮዋ ማጣበቂያ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። "ይሄ የእኔ እጅ ነው" አለ አባባ። ሌላ አልጨመረም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ቃል ከእሱ አፍ ሲወጣ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። "ይህን ለልጄ እንዳትጽፊለት" ብሎኛል፤ እነሆ ጻፍኩት።

ሁሉንም እንደገና ፈታነው። አባባ መነጽሩን አደረገ፣ የእማዬን መርፌ ተዋሰ፣ ከእያንዳንዱ ጥርስ ውስጥ ክሩን እየለቀመ አወጣ። እኔ ቱቦዎቹን አጠብኩ፣ ከማሽኑ መግቢያ የተወተፈውን አጸዳሁ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ። ማጣበቂያውን በስሱ ቀባን። ማጥበቁ ላይ ሲደረስ አባባ መፍቻውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ። "አንቺ አጥብቂው፤ የእኔ እጅ የተለማመደው ከወፍራም ብረት ጋር ነው፣ ይሄን ይሰብረዋል" አለኝ። ወንድሜ፣ ዕድሜዬን ሙሉ መፍቻ አቀብዬዋለሁ፤ እሱ ለእኔ ሲያቀብለኝ ግን ያ የመጀመሪያው ነው። ማጣበቂያው እንዲደርቅ ብለን እሑድን ሙሉ ሳንነካው ዋልን፤ አባባ ግን በየሰበቡ እየሄደ ያሸተው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። ልወጣ ስል አባባ ኮቱን ለብሶ መጣ። "ማገናኛዎቹን መንገድ ላይ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል" አለና ከኋላዬ ወጣ። በሰው ሞተር ጀርባ አልቀመጥም ሲል የኖረ ሰው ነው። መንገዱን ሁሉ በትከሻዬ ላይ አንገቱን እያሰገገ ወደ ሰልባትዮው ሲያሸት፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እየዞረ አየን። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

የጋራዡ ኃላፊ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ሰልባትዮው ሥር ነጭ ሶፍት አነጠፈ፣ ሞተሩን አስነስቶ ተወው፣ ሌሎቹን ሲያይ ቆይቶ ተመለሰ። ሶፍቱን አንስቶ አየው፣ አሸተተው። ደረቅ ነው። ጎንበስ ብሎ ነሐሶቹን በጣቱ ዳሰሰና "ማን ሠራው?" አለ። እኔ "አባቴና እኔ" ልል አፌን ስከፍት አባባ ቀደመኝና "እሷ" አለ። ኃላፊውም የሥራ ልብሴን እንድወስድ ወደ ዕቃ ክፍሉ ላከኝ። እግሬ መሬት መርገጡን አላስታውስም።

እንግዲህ ሥራ ከያዝኩ ሳምንት ሊሞላኝ ነው። የምዞርበት ሠፈር ልጆች "የውሃዋ" ይሉኛል። እስካሁን አንዲት ጠብታ ቤንዚን አላፈሰሰም። አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሞተሩ ያንተ ነው። ለፍተህ የገዛኸው፣ ስትሄድም አደራ ብለህ የተውከው አንተ ነህ፤ ሳልነግርህም ነክቼዋለሁ። አውሰኝ ልል ፈልጌ ነበር፤ ግን የተዋሱት ነገር ላይ ተቀምጦ ልብ አያርፍም። ስለዚህ ስጠኝ። እንደ ታላቅ ወንድም ስጠኝ። እሺ ካልከኝ ስትመጣ ከመናኸሪያ የምቀበልህ እኔ ነኝ፣ አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ።

አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ጨጓራህን ጠብቅ፣ በባዶ ሆድህ ከቤት አትውጣ ይልሃል። ታናሻችን በጣም ናፍቀኸኛል በይልኝ ብላ ከጎኔ ቆማ እያንዳንዱን ቃል እያነበበች ነው፤ ሽቅብ ስታድግ ጫማዋ እንደጠበባትም ንገሪልኝ ብላለች። እማዬ ዓይንህንና ግንባርህን ስማሃለች። ሞተር ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር የነበረችው እናትህ በሚቀጥለው እሑድ እህቷ ዘንድ እንዳደርሳት አዝዛኛለች፤ ፀጉሯን የምታስርበት ሻሽም አዘጋጅታ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። ስለዚህ እምቢ የምትል ከሆነ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፍላት።

የምትወድህ እህትህ
ከግቢያችን፣ ከሞተሩ አጠገብ
ቅዳሜ፣ ከሥራ መልስ