አንቺ ምን አለብሽ

የካቲት 6

ዛሬም እንደ ወትሮው። ቀኑን ሙሉ ካውያ ላይ። ተሲያት ላይ የአንድ ሰውዬ ነጭ ሱሪ መጣ። ኪሱን ስገለብጠው አሸዋ ፈሰሰ። ደቃቅ፣ ነጭ አሸዋ። መዳፌ ላይ አድርጌ ትንሽ አየሁት... በዚህ ላውንደሪ ሃያ ዓመት የሰው መዝናኛ ልብስ ስተኩስ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በሥዕል ካልሆነ። ለምን?

ማምሻውን ኃላፊያችን የዓመት ፈቃድ ልትደለድል ሰበሰበችን። “ልጆች ያላችሁ ቅደሙ” አለች፣ እንደ ልማዷ። ትምህርት የሚዘጋባት ሐምሌ በሽሚያ ታልቃለች፤ ለእኔ ሁልጊዜ የምትተርፈኝ ማንም የማይፈልጋት ግንቦት ናት። ዘንድሮ ግን ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። “ሐምሌን እፈልጋለሁ።” ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሳሙና የምንለው አጣቢያችን፣ የሦስት ልጆች አባት፣ “አንቺ ደግሞ ለሐምሌ ምን አለብሽ?” አለኝ።

ምን አለብሽ! ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ እንግዲህ ምንም የለባትም ማለት ነው። “ባሕር አለብኝ” አልኩት። ሐምሌ ተሰጠችኝ። ሰጡኝ!

የካቲት 11

ትኬት ቢሮ ሄድኩ። ሙቅ አገር፣ ባሕር ያለበት፣ ርካሽ፣ ለሐምሌ። ሌላ ምንም አላልኩም። ትኬት ቆራጩ ልጅ ኮምፒውተሩን ነካክቶ አንድ ቦታ አሳየኝና፣ “ማዘር፣ ሐምሌ እዚያ ፀሐይ ነው፣ ጥሩ መርጠዋል። ግንቦት ቢሆን ዝናብ ነበር” አለኝ። ማዘር! አርባ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ። ይሁን፣ ማዘር ልሁን። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ለሁለት ሰው ቢሆን ይረክስልዎታል። ለአንድ ሰው ክፍሉ ይወደዳል።”

“የምተኛው እኮ በግማሹ አልጋ ነው” አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ብቻውን የሚተኛ ሰው በምን ዕዳው ነው የሌላውን ትራስ የሚከፍለው?

የካቲት 19

በራሴ ፈልጌ አገኘሁ። እዚያው ባሕሩ ዳር አንዲት ሴትዮ ግቢዋ ውስጥ ክፍሎችና አንድ ሰፊ ቤት ታከራያለች። የእኔዋ ጠባብ ክፍል ናት፤ በረንዳ አላት፣ ባሕሩ ከበረንዳው ይታያል አለችኝ። ቀብድ ላክሁ።

ለእማዬ ብቻ ነገርኳት። አንድ ቤት እየኖርን እንዴት እደብቃታለሁ? “ለማንም እንዳትነግሪ” አልኳት። “እኔ? ሞቼ ነው የምናገረው!” አለች።

የካቲት 21

ወንድም ጋሼ ደወለ። ሁሉንም ሰምቷል። እማዬ ሞታ ተነሥታለች ማለት ነው።

“ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች” ብሎ ሳቀብኝ። ሰው ሁሉ ሲዝናና አይታ ነው ለማለት። ከዚያ... “ቤቱ ግን ስንት ክፍል ነው?” አለ። ለምን ጠየቀ?

መጋቢት 2

አወቅሁ ለምን እንደጠየቀ።

ዛሬ ምሳ እነሱ ቤት ነበርን፣ እኔና እማዬ። በሩን ሳልፍ ልጆቹ እግሬ ላይ ተጠመጠሙ። “አክስትዬ፣ ባሕር ልንሄድ ነው!” ልንሄድ? ምራታችን ስልኳን ዘረጋችልኝ፤ የሴትዮዋ ሰፊ ቤት ፎቶ። ወንድም ጋሼ አስረዳኝ፣ ለልጅ እንደሚያስረዱት። “ለብዙ ሰው ሲሆን ይረክሳል። ቀብዱን አንዴ ከፍለሻል፤ በአንቺው ስም ይቀጥልና ክፍሏን በቤቱ አስለውጪ።” እነሱ ትኬታቸውን ኋላ ይቆርጣሉ።

ማን ጠራችሁ? ልለው ነበር። ትንሹ አንገቴን አቅፎኝ ነበር። ዋጥኩት። “እሺ” አልኩ። እሺ! ይሄ ምላሴ ነው ጠላቴ።

መጋቢት 9

ቆሽቴ አርሯል። ከምን ልጀምር?

ምራታችን አልጋ ደለደለች። ትልቁ ክፍል ለእነሱ፣ ሁለተኛው ለልጆቹ። ለእኔ በኮሪደሩ ታጣፊ አልጋ። “ልጆቹ ሌሊት ሲነሡ ትሰሚያቸዋለሽ” አለች። ምግቡንም እኔ ብሠራው ወጪ ይቀንሳል። ማታ ማታ ደግሞ እነሱ ወጣ ሲሉ እኔ ከልጆቹ ጋር እሆናለሁ። “አንቺ ምን አለብሽ፣ ማምሸት አትወጂም” አለችኝ። አምሽቼ አውቃለሁ? የት ነው አምሽቼ መውደድ አለመውደዴ የታወቀው?

“እማዬስ?” አልኩ።

“ሙቀት አይስማማትም። ጎረቤት ታያታለች” አለ ወንድም ጋሼ። እማዬ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሰው አልጠየቃትም። ሻሿን ፈታች፣ መልሳ አሰረች።

ተሰናብተን ስንወጣ ምራታችን ከኋላ ጮኸች። “እንዳትረሺ፣ ካውያሽን ያዢ! እዚያ ላብ በላብ ነው የሚኮነው፣ የልጆቹ ልብስ...”

መጋቢት 10

ካውያ! ካውያ ያዢ!

መጋቢት 15

የዋና ልብስ ልገዛ ገባሁ። ሻጯ ከላይ እስከታች አየችኝና “ለልጅዎ ነው? ቁጥሯ ስንት ነው?” አለች።

“ለእኔ ነው!” ሱቁ በሙሉ ዞረ። ቀዩን ገዛሁ። ጥቁሩን ልገዛ ነበር የገባሁት፤ በእልህ ቀዩን ገዛሁ። አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። በሩን በከፈትኩ ቁጥር እኔው እደነግጣለሁ።

መጋቢት 23

ሳሙና ዛሬም መጣ። “ሐምሌን ልቀቂልኝና ግንቦትን ውሰጂ። ልጆቼ እኔን የሚያውቁኝ ተኝቼ ነው። አንቺ ምን...” አላስጨረስኩትም። እሳት ጎረስኩ። ያላልኩት የለም። እንፋሎቱ ውስጥ እርጥብ ፎጣ እንደታቀፈ ቆሞ ሰማኝ። “ይቅር በቃ” ብሎ ሄደ። ምስኪን። እሱ ምን አደረገኝ? ለኮሪደሩ አልጋ የሚገባውን ስድብ ነው እሱ ላይ ያራገፍኩት።

ቤት ገብቼ እራት አልበላ አለኝ። ግንቦት... ማንም የማይፈልጋት ግንቦት። ለምንድን ነው የማይፈልጓት? ትምህርት ቤት ክፍት ነው። ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው። ልጅ ያለው ሰው የትም አይሄድም።

የትም አይሄድም!

ግን ዝናብ ነው። ባሕር ሄጄ ዝናብ ላይ? ከዝናብና ከኮሪደር የቱ ይሻላል?

መጋቢት 24

“ሐምሌን ውሰድ” አልኩት። ሳሙና ያፌዝኩበት መስሎት ሊቆጣ ቃጣው። ኋላ ሲያምነኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፤ ያ አረፋ የበላው እጁ እንዴት እንደሚሻክር! ትናንት ለተሳደብኩት ይቅርታ ጠየቅሁት። “እንዲህ የሚያስማማ ከሆነ ነገም ስደቢኝ” አለ።

ለሴትዮዋ ጻፍኩላት። ሰፊው ቤት ይቅር፣ ጠባቧ ክፍሌን መልሽልኝ፣ ለግንቦት። ወዲያው መለሰች። “በግንቦት ዝናብ ነው፣ ሰው ድርሽ አይልም። ዋጋው ግማሽ ነው። ግን ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ?”

ምንም፣ አልኳት።

ሚያዝያ 3

ነገርኳቸው። ሳህን ሳይነሣ፣ ሁሉም እንደተቀመጠ።

“ፈቃዴ ግንቦት ሆኗል። ሰፊውን ቤት ትቼዋለሁ። ሐምሌ ላይ ለመሄድ ከፈለጋችሁ የሴትዮዋን ስልክ እሰጣችኋለሁ።”

ወንድም ጋሼ፣ “ግንቦት? ልጆቹ ፈተና አላቸው እኮ!”

“አውቃለሁ።”

ምራታችን ናት የፈነዳችው። “ታዲያ ሐምሌ ላይ ልጆቹን ማን ሊይዝልን ነው? እኛ እኮ ልናርፍ ነው የምንሄደው!”

“እኔም” አልኩ። ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ “እኔም” ብቻ ወጣ።

“እማዬንስ ለማን ጥለሽ?” አለ ወንድም ጋሼ።

“ለአንተ።”

“እኔ ሥራ አለብኝ፣ ልጆች አሉብኝ...”

“ጎረቤት ታያታለች ስትል ጎረቤትን ሥራና ልጅ እንዳለባት ጠይቀሃታል?”

ፊቱ ቀላ። ያን ጊዜ እማዬ ሻሿን እያስተካከለች፣ “ግዴለም፣ እኔ እመጣለሁ” አለች። “የልጄን ቤት ትንሽ ላስቸግር እንጂ። ሻዬን ከንጋት በፊት ነው የምወደው። ሬዲዮ ደግሞ ጮክ ብሎ ካልሆነ አይሰማኝም።” ልጆቹ ጨበጨቡ። ምራታችን አላጨበጨበችም።

መንገድ ላይ እማዬ ክንዴን ይዛ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ እንጃ። ያስከፋሁት ወንድሜን ነው... ልጆቹም አሳዘኑኝ። ግን አልጸጸተኝም። ይሄም አናደደኝ፤ ለምን ለመሄድ ብቻ ይሄን ያህል መጣላት ይኖርብኛል?

ሚያዝያ 20

ከሥራ ስመለስ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ቀዩን ለበስኩት። መስታወት ፊት ቆምኩ። እማዬ ሳታንኳኳ ገባች። “ውይ!” አለች። ከዚያ፣ “ዙሪና ከኋላው ላየው” አለች።

ግንቦት 9

ነገ ነው። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ እኔም ካልተነሣሁ አላምንም።

ማምሻውን በር ተንኳኳ። ወንድም ጋሼ። እማዬን ሊወስድ ነው የመጣው፣ ግን በእጁ ሻንጣ ይዟል። የራሱን ሻንጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረኝም። “አንዱ ጎማው ይነክሳል። ወደ ግራ አዘንብለሽ ጎትቺው” አለኝ። ሌላ ምንም። የእማዬን ሬዲዮ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ።

ይቅርታ አይልም፣ ሻንጣ ያመጣል። ተናደድኩበት። ደግሞ በእሱው ሻንጣ ሸከፍኩ።

ካውያውን መደርደሪያ ላይ አየሁት። መብራቱን አጠፋሁበት።

ግንቦት 12

ይዘንባል። ከደረስኩ ጀምሮ ይዘንባል። ሞቅ ያለ ዝናብ ነው፤ እንዲህ ያለ አላውቅም።

ባሕሩ ሰማያዊ ነው ያለው ማነው? አመድ ነው የሚመስለው! ሃያ ዓመት በሥዕል ዋሽተውኛል። ግን ትልቅ ነው... እንዲህ ትልቅ መሆኑን ደግሞ የነገረኝ የለም። በቀዩ ልብሴ ዝናቡ ውስጥ ወርጄ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። የሚያየኝ አንድም ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ብቻ ከበረንዳዋ እጇን አውለበለበችልኝ።

እማዬ ደወለች። ወንድም ጋሼ ሻይ ማፍላት ለምዷል አለች፤ ግን ቀጭን ነው፣ ውኃ ውኃ ይላል። ከኋላዋ ሬዲዮው ሲጮኽ፣ ምራታችንም ስትጮኽ ሰማሁ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሰዓት ልጋደም ብዬ አልጋውን ገለጥኩ። ዛሬ የተቀየረው አንሶላ አልተተኮሰም! ጭምድድ እንዳለ፣ ከገመድ ላይ አውርደው ዝም ብለው አንጥፈውታል። ደሜ ፈላ። ለእንግዳ እንዲህ ይነጠፋል? ጠርዙን ይዤ ወጠርኩት፣ በመዳፌ ዳመጥኩት። ካውያ ይኖራት እንደሆን ልጠይቃት በሩ ድረስ ሄድኩ። እጄ መዝጊያው ላይ ነበር።

ተመለስኩ። ጭምድዱ ላይ ተኛሁበት።