ማንኪያ ያሰበረችን ጨረቃ

ውድ እታለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትነሺው? ልጆቹስ? አባባስ እንዴት ናቸው? ድምፃችሁን ሳልሰማ ስለከረምኩ ሆዴ ባብቷል። ያልደወልኩት ድምፅሽን ከሰማሁ እንደማለቅስ ስለማውቅ ነው። እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ከአካሌ በቀር ግን ደህና ነው የምልሽ ነገር የለኝም።

ባልሽ ጋራዡ ውስጥ የሥራ ቦታ እንደያዘልኝና ማስተማሩ ካልሆነልኝ እንድመጣ የላክሽልኝ መልእክት ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ንቄው አይደለም። የሙከራ ጊዜዬ ሰኞ ያልቃል፤ ዳይሬክተሯ ወይ ቀጥል ወይ ውጣ ትለኛለች። የማድርባት ክፍል የትምህርት ቤቱ ስለሆነች ሥራውና ጣራው የሚሄዱት አብረው ነው። ደስ የሚል ወሬ ይዤ ልጽፍልሽ ስጠብቅ ማክሰኞ ጉድ ሠራሁ።

የዕለቱ ትምህርት አንዳንድ ጨረቃዎችና ፕላኔቶች ለምን እሳተ ገሞራ እንዳላቸው ነበር። ታውቂኛለሽ፣ ይህ ነገር ሲነሳ እግሬ መሬት አይነካም። እሳቱ ከውስጥ ነው አልኳቸው፤ ሲፈጠሩ ከታመቀው ሙቀትና በአለታቸው ውስጥ ካሉ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የሚመጣ። እንደ ምድር ትልቅ የሆነው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ትንሹ ግን ከድስት በጭልፋ እንደወጣ ሾርባ ቶሎ ይበርዳል። የኛ ጨረቃ የበረደችው ለዚህ ነው።

ይኼኔ ጓደኞቿ ነገረኛዋ የሚሏት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ የጁፒተሯ ጨረቃ አዮ የኛን ጨረቃ የምታክል ከሆነ እሷ ለምን አልበረደችም?» ብላ አፋጠጠችኝ። ደስታዬን ብታዪው! ጁፒተር በኃይል ይስባታል፤ ጎረቤቶቿ ጨረቃዎች ደግሞ መንገዷ ክብ እንዳይሆን ይጎትቷታል። ስትቀርብ ትለጠጣለች፣ ስትርቅ ትላላለች፤ እንዲህ ስትታሽ ውላ ስታድር ሆዷ ይግላል። ብዬ ብዬ አልገባቸውም። ከጎናችን ካለው የምሳ አዳራሽ ሮጬ አንድ ማንኪያ አመጣሁና ወዲያና ወዲህ እያጣጠፍኩ የታጠፈበትን አስነካኋቸው። ሞቋል! ክፍሉ ተናወጠ። እኔም ጅሉ፣ እናንተም ሞክሩት አልኳቸው።

ማንኪያውን ከነሳጥኑ አመጡት። የኛ ማንኪያ ደግሞ ስስ ነው፤ ጥቂት ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። ደወል ሲደወል ወለሉ በስባሪ እጀታ ተሞልቷል፤ ምሳው ደግሞ ሾርባ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳህኑን እያነሳ ሲጠጣ ደረቱ ላይ ደፋው። ወጥ ሠሪዋ በሩ ላይ ቆማ፣ «እስቲ ጨረቃህ ታጉርሳቸው!» አለችኝ። መምህራኑም ስሜን ትተው «መምህር እጀታ» ይሉኛል።

ዳይሬክተሯ ግን አልሳቀችም። ሰኞ መምህራኑ በተሰበሰቡበት ያንኑ ትምህርት ያለምንም ዕቃ፣ በቃል ብቻ እንዳስረዳ አዝዛኛለች፤ ካልገባቸው አበቃልኝ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳውን ተማሪ አድርጌ እጀምርና መሀል ላይ ድምፄ ይጠፋል። ስመረቅ ዓለም በር ከፍቶ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ይኸው ከዚህኛው በፊት ሁለት ትምህርት ቤቶች አሰናብተውኛል።

ትናንት ነገረኛዋ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ፣ «ቲቸር፣ ጎረቤቶቿ ባይጎትቷት አዮም ትበርድ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ ብዬ ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ገብቷታል እኮ! ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ ና አትበይኝ። አንድ ጊዜ ና ካልሽኝ ሻንጣዬን አንስቼ እመጣለሁ፤ የቀረኝ ጉልበት ይህን ያህል ነው።

አባባን በስስት ሳሚልኝ፤ የማንኪያውን ነገር ግን እንዳትነግሪያቸው፣ ሰፈሩን ያዳርሱታል። ትልቁ ልጅሽ ሒሳቡን እንዳይተው ንገሪው። ትንሿን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። ባልሽን ውለታህ ከብዶኛል በይልኝ፤ ቦታውን ግን ለሌላ ሰው ይስጥ። እየጠበቀኝ መሆኑን ካወቅሁ ሰኞ ገና ሳልናገር እሸነፋለሁ። ከዚህ ቢያስወጡኝ የት እንደማድር አላውቅም፤ ቢሆንም ይስጥ።

ወንድምሽ

ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ካለችው ክፍል
ዓርብ፣ ግንቦት 15 ቀን