ኩላሊትሽ እዚያው ይቀመጥ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ ማስቸገሩን ተወ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? ባለቤትሽ፣ ልጅሽ፣ ቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ለደብዳቤ ወግ ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ ዛሬ ሐኪሟም ደህና ነህ ብላኛለች። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም እከተልሻለሁ፣ ወሬውም መሃል ላይ ይቀራል።

ባለፈው ጊዜ ሐኪሟ የደምና የሽንት ምርመራዬን አይታ ኩላሊትህ እየደከመ ነው ስትለኝ፣ ከድጡ ወደ ማጡ ገባሁ አልኩ። ኤች አይ ቪውን ስንት ዓመት መድኃኒቴን በሥርዓት እየዋጥኩ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ዝም አሰኝቼው፣ አሁን ደግሞ ይሄ! ደውዬ ስነግርሽ፣ ሁለት አለኝ፣ አንዱ ያንተ ነው ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ሻንጣ መሸከፍ መጀመርሽንም ልጅሽ ነግራኛለች።

የሚያስቀውን ደግሞ ስሚ። ለሐኪሟ፣ ኩላሊቴንማ ከድሮም ያመኛል አልኳት። የቱ ጋ ብትለኝ ወገቤን ይዤ አሳየኋት። ሳቀች። ይሄማ ወገብህ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ስለምትጎብጥ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ብዙ ጊዜ ድምፁን አያሰማም አለችኝ። እኛ ቤት መቼም ወገቡን የያዘ ሁሉ የኩላሊት በሽተኛ ነው። እማዬ ባልዲ ባነሳች ቁጥር "ወይ ኩላሊቴን!" ትል የለ?

ለሕመሙ ምን ትወስዳለህ አለችኝ። ስፌት ቤቱ ውስጥ አጠገቤ የሸሚዝ ቁልፍ የሚተክለው ጓደኛዬ፣ እሱንም ቁልፍ ነው የምንለው፣ "ለኩላሊት ፍቱን ነው" እያለ የሚያመጣልኝን ማስታገሻ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። ሳቋ ቆመ። ለካስ ኩላሊቴን ሲጎዳው የኖረው ለኩላሊቴ ብዬ የምውጠው ኪኒን ነው! እሱ ብቻም አይደለም። ደም ግፊቴ ሳላውቀው ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ከቫይረሱ መድኃኒቶቼም አንዱ ኩላሊት ላይ የሚከብድ ዓይነት ነው። ከቫይረሱ ጋር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ግፊቱንም ስኳሩንም ኩላሊቱንም አብሮ መታየት አለበት አለችኝ። ያኔ ቫይረሱ እንዳለብኝ ባወቅኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ቆይ የሽማግሌ በሽታ ይይዝሃል ቢሉኝ እልል እል አልነበር?

ማስታገሻውን አስጣለችኝ። የቫይረሱንም መድኃኒት በራስህ እንዳታቋርጥ ብላ አስጠንቅቃኝ፣ እሷው በሌላ ለወጠችልኝ። የግፊት ኪኒን ጨመረች፣ ጨው ቀነሰች። ቁልፍ ምስኪኑ ስለ ቫይረሱ ባያውቅም ስለ ኪኒኑ ከሰማ ወዲህ ሐፍረት ይዞት፣ ወገብህን አቅና፣ ተነስ፣ ተንቀሳቀስ እያለ ይነተርከኛል።

ዛሬ ውጤቱን ሰማሁ። ድካሙ ቆሟል፣ እንዲያውም ትንሽ ተሽሎታል። እጥበትም፣ የሰው ኩላሊትም አያስፈልግህም፣ ክትትልህን ብቻ እንዳትተው አለችኝ። ከበሩ እንደወጣሁ መንገደኛው እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ እትዬ፣ እንዳታዝኚ።

ስለዚህ ኩላሊትሽ እዚያው ይቀመጥ። እማዬ ስትጸልይ "ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን የምታውቅ" ትላለች አይደል? ያንቺን ብወስድ፣ ስትቀየሚ ያመላለስሽው ሁሉ ለእኔ ይተርፍ ነበር፤ ባልሽን ያማሽበት ብቻ እንቅልፍ ይነሳኛል። የኔ ኩላሊት ሰሞኑን ያመላለሰውን ግን ልንገርሽ። የፈራሁት ሞትን አልነበረም፤ ከእሱ ጋር ተላምደናል። የፈራሁት አንቺ በሬ ላይ ቆመሽ "ውሰድ" ስትዪኝ፣ እምቢ የምልበት አንጀት እንዳላጣ ነው። እንደምቀበልሽ አውቅ ነበር። ያ ቀረልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ "ኩላሊቴን" ስትል ማስታገሻ ከመዋጧ በፊት ሐኪም ያያት። ባለቤትሽን፣ ሚስትህ ሳትጎድል ቀርታልሃለች በይው። ወሬኛዋን ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ስሜያታለሁ። አንቺ ግን የሸከፍሽውን ሻንጣ አትፍቺው። ሁለቱንም ኩላሊትሽን ይዘሽ ነይ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ቅዳሜ፣ የካቲት 11 ቀን